ለፍየሎች የሠራሁት ቤት

ልጄ ሰመራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለምትሠራ እርጅናዬን እዚህ እየገፋሁ ነው። ሰው ሁሉ ሙቀቱን ያማርራል። እኔ አዋሽ ተወልጄ አዋሽ ያደግሁ ነኝ፤ ሙቀቱ ምንም አይለኝም። የሚያናድደኝ የቤቶቹ አሠራር ነው። መስኮቱን ወደ ፀሐይ፣ ድፍን ግድግዳውን ወደ ነፋሱ! «ይሄን የሠራውን አናጢ ባገኘው!» እላለሁ፤ ልጄ ትስቅብኛለች። «ተው እንጂ አባዬ፣ አንተም እኮ ሠርተሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሠርቻለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። መንግሥት ለአርብቶ አደሩ የፍየልና የበግ ማደሪያ መሥሪያ ድጋፍ ሊሰጥ ነው፤ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ መሬቱ እንዳይራቆት። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ሴቶቹን ጠይቃችኋል?» አልኳት። «የትኞቹን ሴቶች?» አለችኝ። ወረቀቱን መለስኩላት። ለምን እንደጠየቅኋት ግን አልነገርኳትም። ታሪኩ የሚያኮራ ስላልሆነ ነው።

ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። እዚህ የነበረው ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነው። ለእኛ ከተማ ማለት አዋሽ ነበረች፤ አዋሽ ማለት ደግሞ ባቡር ጣቢያው። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እኔ ከባቡሩ ወርክሾፕ አናጢነት ተማርኩና በሃያ ሦስት ዓመቴ ከእኔ በላይ አናጢ የለም ባይ ሆንኩ። ቁጣዬም የታወቀ ነበር። እናቴ «የዚህ ልጅ አፍ ከመዶሻው ይቀድማል» ትለኝ ነበር።

በአዋሽ ወንዝ ዳርና ዳር የጥጥ እርሻ የተስፋፋበት ዘመን ነው። ደኑ ተመነጠረ፤ አፋሮች በበጋ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ሣር ጥጥ ሆነ። ያኔ መንግሥት የተረፈውን ግራር ለማዳን በጀት መደበ። አፋሮች ፍየሎቻቸውን የሚያሳድሩት በእሾህ አጥር ውስጥ ነው፤ እሾሁ ከግራር ይቆረጣል። ስለዚህ አጥሩን አፍርሶ ዳግመኛ ግራር ላለመቁረጥ ቃል ለገባ ሰው መንግሥት የቆርቆሮ ማደሪያ በነጻ ይሠራለታል ተባለ። ጥጡ የመነጠረውን ደን ማንም አላነሳውም፤ ጥፋቱ ሁሉ የፍየል አጥር ሆኖ ተገኘ። እኔስ ብሆን ምን አገባኝ፣ እንጀራዬን ነው የምፈልገው። የመጀመሪያውን ቤት እንድሠራ ተቀጠርኩ።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ ባለሙያ ነበር። ከአዋሽ ወደ አዳይቱ በሚወስደው በኩል ግማሽ ቀን በላንድሮቨር ተንገጫግጨን አንድ የአፋር መንደር ደረስን። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀበሉን። አለቃዬ ሥዕሉን መሬት ላይ ዘርግቶ በአስተርጓሚ አስረዳ፤ አራት የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ሽማግሌዎቹ ሥዕሉን በአክብሮት አዩት። ከዚያ አንደኛው በዱላቸው ራቅ ብለው የተቀመጡ አንዲት ሴት አመለከቱና «ስለ ግመል ብትጠይቁን እንነግራችኋለን። ቤት ግን የሴት ነው። እሷን ጠይቋት» አሉ።

እውነት ነው። አፋር ዘንድ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ዳቦይታ የሚሉትን ቤት፣ ጎባጣውን እንጨት ተክለው፣ የዘንባባውን ሰሌን ሠርተው አልብሰው፣ መንገድ ሲነሳ ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት እነሱ ናቸው። ይሄን አዋሽ ተወልጄ አላውቅም ብል ውሸት ነው። አለቃዬ ግን ሳቀ። «ሴት ደግሞ ስለ ግንባታ ምን ታውቃለች?» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አፈር በበላሁ! እሱስ እንግዳ ነው፤ እኔ ምን ያስቀኛል?

ሴትዮዋ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው ሲባል ጊዜ፣ አለቃዬ ስለ ቤቱ ምንም ሳይጠይቃቸው ለእሳቸው ይሁን ብሎ ጻፋቸው፤ አጥራቸውን አፍርሰው ግራር ላለመቁረጥም ቃል አስገባቸው። እኔን ከነዕቃዬ ትቶኝ ሄደ።

እሳቸው አወቁኝ። ሰዎቻቸው አዋሽ አጠገብ ሲሰፍሩ ጣቢያው ወተት እያመጡ የሚሸጡልን እማማ ነበሩ፤ አማርኛውንም እዚያው ከእናቶቻችን ጋር ሲከራከሩ ነው የለመዱት። «የሐዲድ ጠጋኙ ልጅ አይደለህም? በእኔ ወተት አድገህ አሁን ጢም አወጣህ?» አሉኝ። ሰሌን አነጠፉና «ተቀመጥ፣ ዳጉ እንበል» አሉ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ይነግራል፤ ዳጉ የሚሉት ይሄ ነው። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ከባቡርም ይፈጥናል፤ ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሰው አይደለም። እኔ «ሥራ አለብኝ እማማ» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ግን ቆሜም ቢሆን ነገሩኝ። ላሞቻቸው በድርቅ አልቀዋል። የቀሩት ፍየሎቹ ናቸው፤ እነሱም አርግዘዋል።

«እነዚህ ከወለዱልኝና ግልገሎቹ ካደጉልኝ ሰው ነኝ» አሉ። «ከሞቱብኝ ግን ውሎዬ እዚያ ነው።» በእጃቸው ወደ ጥጡ ጠቆሙ። የባላቸው ከብት ይሰማራበት በነበረ መሬት ላይ ጎንበስ ብለው የሰው ጥጥ ሊለቅሙ! ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቃል በገቡት መሠረት የእሾህ አጥራቸውን በማግስቱ በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለፍየሎቹ እኔ ከምሠራው ቤት በቀር ሌላ አልነበራቸውም።

የባሕር ዛፍ አጣናው ከደጋ በባቡር መጥቷል፤ ልብ በሉ፣ ግራር እንዳይቆረጥ ከደጋ ባሕር ዛፍ ተቆረጠ። ቋሚውን ተከልኩ፣ ማገሩን መታሁ፣ ጭቃውን መረግሁ። በተለይ በሩ! ከተሰበረ ፉርጎ ከወጣ ሳንቃ ነው የሠራሁት፤ መላጊያ ስሰድበት እንደ ቅቤ ነበር። መወርወሪያውን የጣቢያው ብረት ቀጥቃጭ ሠራልኝ። ጅብ እንዳይከፍተው ብዬ አጥብቄ ስለገጠምኩት በሩን በትከሻ ከፍ ካላደረጉት አይገባም፣ አይወጣም። ዘዴውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህም ያኮራኝ ነበር።

እማማ አንድ ቀን መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ዞሩት። «ነፋሱ በየት ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«እንዳይገባ ነው እንጂ የተሠራው!»

«እዚህ ብርድ የለም፣ ልጄ። ይሄንንና ያንን ግድግዳ አውርድልኝ። ሰሌን እሠራለሁ፤ ቀን እጠቀልለዋለሁ፣ ማታ እለቀዋለሁ። ቆርቆሮውንም ሰሌን አልብሰዋለሁ።»

ቱግ አልኩ። ስንት ቀን የለፋሁበትን፣ ቱንቢ ጥዬ ያቆምኩትን ግድግዳ! «እማማ፣ እርስዎ ፍየልዎን ይጠብቁ፤ ቤቱን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። «አላህ ያውቃል» ብለው ሄዱ።

ፍየሎቹ ወለዱ። አሥራ ዘጠኝ ግልገል! እኔ ጎረቤት ለሚሠራው ቤት አጣና እየለካሁ ነበርና ሁሉንም አይቻለሁ። ጆሯቸው ረዘም ያለ፣ እግራቸው የማይጸና፣ ደግሞ ጥጋባቸው! እናቶቻቸው ከመንደሩ መንጋ ጋር ሲወጡ እነሱ እቤት ይውላሉ። እማማ በሩን ክፍት አድርገው፣ እጀታውን ከደጅ ካለ ድንጋይ ጋር በገመድ አስረው፣ ደፉ ላይ እርጥብ ሰሌን እየዘረጉ ነበር የሚያውሏቸው። መወርወሪያዬን አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም። ይሄ ራሱ ያበሽቀኝ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። ድሮ ወንዙ ቅርብ ነበር፤ አሁን የእርሻውን ቦይና አጥር ዞሮ መሄድ ስላለ ብዙ ይቆያሉ። ሁለት ግልገሎች ሾልከው ወጥተው የቀባሁት ሳንቃ ላይ ሲዘሉ አየሁ። «እንዲህ ያለ በር ሠርቼላቸው ክፍቱን ትተውት ይሄዳሉ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ግልገሎቹን አፍሼ አስገባሁ፣ ገመዱን ፈታሁ፣ በሩን በትከሻዬ ከፍ አድርጌ መወርወሪያውን ወረወርኩት። እንዴት ግጥም ብሎ እንደገባ! ደስ ብሎኝ ዛፍ ሥር ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። ግልገል ባለበት ጸጥታ የለም። ሮጬ ሄጄ ስከፍተው የእቶን ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። መስኮቷ ሥር ተደራርበዋል፤ ነፋስ ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ። አንድ ባንድ እያወጣሁ ጥላ ውስጥ አጋደምኳቸው፣ የነበረኝን የመጠጥ ውሃ ረጨሁባቸው። አሥሩ ቀስ እያሉ ነቁ። ዘጠኙ አልነቁም።

አሁን የምናገረውን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ዘጠኙን ሙቶች መልሼ ቤቱ ውስጥ አስገባኋቸው፤ አሥሩን ራሳቸው ሾልከው የወጡ እንዲመስል ጥላው ውስጥ ተውኳቸው። በሩን እንደነበረው ከፈትኩት። ገመዱንም አንስቼ ከድንጋዩ ጋር መልሼ አሰርኩት፤ እሳቸው እንደተዉት እንዲመስል። ከዚያ መጋዜን ይዤ ወደ አጣናዬ ተመለስኩ።

እማማ ውሃቸውን ተሸክመው መጡ። ከሩቅ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር። በሩ ጋ ቆሙ። ገመዱን አዩ፣ ውስጡን አዩ፣ ደግሞ ገመዱን አዩ። አልጮኹም። ውሃውን አወረዱና በሕይወት ላሉት ማጠጣት ጀመሩ። «ኢናሊላህ» ሲሉ ብቻ ሰማሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እናቶቹ ከግጦሽ ተመለሱ። ልጆቻቸው የሞቱባቸው ዘጠኙ በሩ ላይ ቆመው ይጣሩ ጀመር። ሰው ሲያለቅስ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ የለም።

በማግስቱ ሚስማር ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ሰበብ ፈጥሬ አዋሽ ሄድኩ። ዳጉው ቀድሞኛል። ጣቢያው በር ላይ አንድ ጭነት አውራጅ «አንተ ነህ አሉ፣ በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ ግልገል የሚገድል ቤት የሠራኸው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ኩም አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ! ቤቱስ በሩ ክፍት ቢሆን አይገድልም ነበር፤ ይሄን ለማለት ደግሞ የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት አለብኝ። በገዛ ውሸቴ ቤቴን ከነበረው የባሰ አደረግሁት። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስገድ አሉኝ፣ ሰገድኩ። አልቀለለኝም። እናቴ ደግሞ ፊቴን አይታ «ያቺ ምስኪን አሁን ምን ልትሆን ነው? ጥጥ ልትለቅም?» አለችኝ። ጉርሻዬን መሶቡ ላይ ትቼ ዕቃዬን አነሳሁ።

ወደ መንደሩ ተመለስኩ። ዕቃዬን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ እማማ ዘንድ ሄድኩና «የትኛውን ግድግዳ ነው ያሉኝ?» አልኳቸው።

ተነስተው በጣታቸው ጠቆሙ። «ይሄንንና ያንን» አሉ።

በራሴ መጥረቢያ አፈረስኩት። አለቃዬ ከሥዕሉ አንዲት ሚስማር እንዳትጎድል ብሎኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አዛዧ እማማ ሆኑ፣ እኔ የቀን ሠራተኛ። የመንደሩ ሴቶች ዘንባባቸውን ይዘው መጡ። ቋሚውን የት እንደምተክል በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ምን እንደሚባባሉ ባይገባኝም ስለ እኔ እንደሆነ ገብቶኛል። ነፋሱ በቀትር ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዞር ያውቃሉ። እስከ ወገብ ድንጋይ ካብን፤ ከዚያ በላይ ሰሌን ሆነ፤ ቆርቆሮውም ሰሌን ለበሰ። የእኔን በር አልጣሉትም። መግቢያው ላይ አቆሙት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ የገባኝ ያን ሳምንት ነው።

ከወር በኋላ አለቃዬ መጣ። «ግድግዳው የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። «ጭቃ ነበር፣ ወደ ጭቃነቱ ተመለሰ ጌታዬ» አልኩት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ወረደብኝ። የሚገርመው፣ ገና ሲጀምር ከፀሐዩ ሸሽቶ ማደሪያው ውስጥ ገብቷል። ነፋሱ ሽው ሲል ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በፊት ራሱን አይቼው አላውቅም፤ ለካ መላጣ ነው! አንዷ ግልገል መጥታ የጫማውን ማሰሪያ ስትበላ እሱ ስለ ሥዕሉ ይናገራል። በመጨረሻ ሥራው እንደ ደንቡ አልተከናወነም ብሎ ጻፈና አባረረኝ። የሌሎቹም ቤቶች ነገር በዚያው ቀረ። አልተከራከርኩም። ከዚያ የበለጠ ቅጣት እንደሚገባኝ አውቅ ነበር።

አዋሽ ተመልሼ ሣጥንና አልጋ ስሠራ ከረምኩ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ የግመል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው፤ ሰዎቻቸው ወደ ሌላ ግጦሽ እየተጓዙ ነው። ለእናቴ በግርባ፣ በዚያ በቆዳ ስልቻቸው፣ ወተት ይዘውላታል። ወተት! የፍየል ወተት፣ ከራሳቸው ፍየል። ከኋላ መንጋው ቆሟል፤ አሥሩ ግልገሎች አድገው ከእናቶቻቸው ለመለየት ያስቸግራሉ። ግመሉ ላይ ጎባጣው እንጨትና ሰሌኑ ተጭኗል፤ ከላይ ደግሞ የእኔ በር፣ በጠፍር ተጠፍሮ፣ ወደ ሰማይ ተንጋሎ።

«ቆርቆሮው የመንግሥት ነው፣ ትቼዋለሁ» አሉኝ። «በሩ ግን ጥሩ በር ነው።»

አላስቻለኝም። እናቴ ዕቃውን ልትገለብጥ ስትገባ «እማማ፣ ያን ቀን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሞተው ሳገኛቸው መልሼ ከፈትኩት። ገመዱንም እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስቋጥር ኖሬ የራሴ ቋጠሮ ይጠፋኛል? ያ የአናጢ ቋጠሮ ነበር።»

መሬት መሬት አየሁ። «ታዲያ ዳጉ ላይ ለምን አልተናገሩም? አገሩ ሁሉ ቤቱ ገደላቸው ነው ያለው።»

«ዳጉ ያዩትን ነው» አሉ እማማ። «በሩ ክፍት ነበር፣ ግልገሎቹ ሞተው ነበር። ያየሁት ይሄንን ነው። አንተን ስትዘጋ አላየሁህም። የዘጋው ሰው አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ።» ከሽርጣቸው ጫፍ አንድ የተቋጠረ ነገር ፈቱና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። መወርወሪያው ነበር። «ይሄንን ነቅዬዋለሁ። አንተ ያዘው።»

ግመሉን ጎተት አደረጉ። ፍየሎቹ ተከተሏቸው፤ በሩ ከሰው ራስ በላይ እየተወዛወዘ የሐዲዱን ማቋረጫ አልፎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስንት በር ሠርቻለሁ፣ ቁጥሩንም አላውቀው። መወርወሪያው እዚህ ሰመራ፣ የመሣሪያ ሣጥኔ ታች ተቀምጧል። አንድም በር ላይ አልገጠምኩትም።